ከጆሃንስበርግ የደወለው ገዢ

ሙሉካ በዲላ መምህርት ናት። ተረቶችን በጌዴኦ ሕዝብ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ እየተረከች ትቀርጻለች፤ አብሮ አደጓ አብይ ደግሞ በሠራው የስልክ መተግበሪያ ውጭ አገር ላሉ ወላጆች ይሸጥላታል። መተግበሪያው የሚወርድበት የውጭ መደብር ከእያንዳንዱ ሽያጭ ሲሶ የሚጠጋውን ይቆርጣል። ያንን ለማካካስ ዋጋ ቢጨምሩ ደንበኛው ሸሸ። ያኔ አብይ "በቀጥታ ለእኛ ክፈሉ" የሚል ማስታወቂያ ከሙሉካ ስልክ ቁጥር ጋር መተግበሪያው ላይ ለጠፈ። ብዙም ሳይቆይ ከመደብሩ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ በመደብሩ በኩል ያላለፈ ክፍያ ክልክል ነው፣ ይህ ከተደገመ መተግበሪያው ለዘለቄታው ይወገዳል።

አብይ ማስታወቂያውን ወዲያው አነሳ። ሙሉካ ግን ከዚያ ወዲህ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ከመደብሩ የተደወለ ይመስላታል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የማታውቀው የውጭ ቁጥር ደወለ።

"እህቴ፣ ከጆሃንስበርግ ነው" አለ አንድ ወንድ። "ቁጥርሽን ከማስታወቂያው ላይ ይዤው ነበር። ልጄ የጅቡን ተረት ካልሰማሁ ብላ ታለቅሳለች፤ ዋጋው ግን ከበደኝ። ወንድሜ ይርጋጨፌ ነው ያለው፤ ገንዘቡን በእጅሽ ይስጥሽና ተረቱን ላኪልኝ።"

ሙሉካ ተጠራጠረች። የመደብሩ ሰው ሊፈትናት ቢሆንስ? እሺ ብትል የስንት ጊዜ ልፋቷ በአንድ ጀምበር ሊጠፋ ነው።

"አይቻልም ጌታዬ፤ በመደብሩ በኩል ብቻ ነው" አለች።

ሰውየው ስልኩን ሊዘጋ ሲል ከኋላው የልጅ ለቅሶ ተሰማት። በቀጥታ መሸጡን ከለከሏት እንጂ መተረኩን ማን ይከለክላታል?

"ስልኩን ለልጅቷ ይስጡልኝ" አለችው።

የጅቡን ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከችላት። ልጅቷ ስትስቅ ሰማች። ሙሉካ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ደዋዩ የመደብሩ ሰው ይሆን እያለች ቁጥሩን ደጋግማ አየችው።