በገዛ ልጃቸው ላይ የፈረዱ

«በገዛ ልጃቸው ላይ የፈረዱ ሰው እኮ ናቸው!» አሉ አባ ታረቀ ለሦስተኛ ጊዜ። ለቀስተኛውም ለሦስተኛ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

የገዛ ልጃቸው እንጉዳይ እዚያው ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀና ብሎ ያያት ግን የለም። አባቷ አባ ዋኘው ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነው። በዚህች የእስራኤል ከተማ፣ የፔታህ ቲክቫ ጠባብ ቤት ውስጥ ስማቸው የሚወደሰው በእሷ ስቃይ ነው።

የሸሸችው ባሏ ሙሉሰው ከአፉላ ከተማ ድረስ መጥቶ ከአባ ታረቀ ጎን ተደላድሏል። የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ቅርፊቱን መዳፉ ላይ ይተፋል። አባ ታረቀ አጎቱ ናቸው።

«የአማቴ ፍርድ ለእኔ ሕግ ነው» ይላል አሁንም አሁንም።

ጎንደር ሳሉ አባ ዋኘው የዳኞች ሁሉ ታላቅ ነበሩ። የየመንደሩ ሽማግሌ ያቃተውን ነገር እሳቸው ዘንድ ያመጣዋል፤ እሳቸው ከፈረዱ ይግባኝ የለም። እንጉዳይ ዓይኗ አብጦ ወደ አባቷ ቤት የሸሸች ጊዜ፣ ሌላ ሰው ይየው አላሉም። ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ እንደ ባዳ በስሟ ጠርተው፣ «ወደ ባልሽ ተመለሺ» አሏት። አገሩ ሁሉ አደነቀ። በሳምንቱ ሙሉሰው ክንዷን ሰበረው። አድናቆቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ከሱዳን በአውሮፕላን እስራኤል ከገቡ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። እንጉዳይም ያኔውኑ ባሏን ትታ አባቷ ጋ ገባች። ከሁለት ወር በፊት፣ ዕብራይስጥ በምትማርበት ኡልፓን፣ መምህሯ ስለ አዲሱ አገራቸው ታላቅ ዳኛ አስተማረቻቸው። ከእሱ በላይ ዳኛ የለም፤ የልጁ ጉዳይ ከቀረበ ግን ከወንበሩ ይነሣል፣ ሌላ ያየዋል። እንጉዳይ ቤት እንደገባች ለአባቷ ነገረቻቸው።

«ከእኔ በላይ ማን ነበር?» አሉ አባ ዋኘው። «ለማን ልተውልሽ?»

«ለማንም። ከዳኝነቱ ተነሥተው አባቴ ብቻ ቢሆኑኝ ይበቃኝ ነበር።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ሳያነሡት ሞቱ።

አባ ታረቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ከዋኘው ቀጥሎ ታላቁ እኔ ነኝ። ሰባቱ የሐዘን ቀን ሲያበቃ፣ ልጄ፣ በአባትሽ ፍርድ ወደ ባልሽ ቤት ትገቢያለሽ።»

«በሰደር፣ እሺ» አለ ሙሉሰው፣ ምራቅ የነካውን ቅርፊት የሻይ ብርጭቆ ውስጥ እያራገፈ።

«አባ ታረቀ፣ እርስዎ አጎቱ ነዎት» አለች እንጉዳይ። «ይነሡ።»

አባ ታረቀ ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔ ከተነሣሁ ማን ይፈርዳል?»

«ማንም። ማንም ቢፈርድ ደግሞ አልሄድም። እርስዎ ግን አጎቱ ነዎት።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ሙሉሰውን አዩት። ከንፈሩ ላይ ቅርፊት ተለጥፏል። ቀጥሎ ተጣሞ የቀረውን የእንጉዳይን ክንድ አዩ፤ ብዙ ጊዜም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆዩ።

«እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «አጎቱ ነኝ።»

ለመነሣት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሙሉሰው እጁን አልዘረጋላቸውም።

ይኸው ነበር እንግዲህ፤ ከተቀመጡበት መነሣት ብቻ። አባቷ ይህቺን ነፍገዋት ሞቱ። እንጉዳይ በአንድ ጊዜ ጠላቻቸውም፣ ናፈቋትም።

ብድግ ብላ በደህናው እጇ አባ ታረቀን ያዘችና ስባ አቆመቻቸው። ከቆሙ በኋላም እጃቸውን አልለቀቀችም።