ባለ ፈቃዱ ወንድሜ

ታናሽ ወንድሜ ከቆዳ ፋብሪካው የተባረረ ዕለት አልተሳደበም፣ አላለቀሰም። ያ ነው ያስፈራኝ። በሳምንቱ ፈቃድ አውጥቶ ጠመንጃ ገዛ። ቆይቶ ደብተሩን አየሁት፤ ከአለቃው ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ የአሥራ አራት ሰው ስም፣ ከየስሙ ጎን ሥራ የሚገቡበት ሰዓት። ገጹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ስፌቴን ጥዬ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ወንበር ሰጠችኝ፣ ደግነቷ ራሱ አናደደኝ። ካልተፈረደበት ጠመንጃውን መንጠቅ እንደማይቻል፣ ስም መጻፍም ወንጀል እንዳልሆነ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። አምና አንዱ ባለ ፈቃድ ዳቦ ቤት ገብቶ ዘጠኝ ሰው ሲገድል የመሣሪያ ሕጉ ጠበቅ ይላል ተብሎ አልነበረም ወይ ብላት፣ ረቂቁ ገና ውይይት ላይ ነው አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የኛዎቹ ለመጮህም ስብሰባ ይጠራሉ።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ሳጅን እስካሁን ምን አደረገ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት።

«እንግዲያው ሲያደርግ ነይ» አለኝ።

ሲያደርግማ የምመጣው ሬሳ ለመለየት ነው። ቤቴ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ወንድሜ ገላውን ሲታጠብ ጠመንጃውን ከአልጋው ሥር አውጥቼ፣ ከነጥይቱ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ይዤ ፖሊስ ጣቢያው አደረስኩት። የሳጅኑ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩትና «ይኸው፣ ተረከበኝ» አልኩ።

እሱም «ፈቃድሽን አምጪ» አለ።

ለካ ሕግ አለ! ያውም ምን የመሰለ ፈጣን ሕግ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ፣ የሰው ንብረት መስረቅ፤ ሻይ እንኳ ሳይፈላ አሻራዬን ሰጥቼ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ነበርኩ። የደብተሩን ፎቶ እዩልኝ ብዬ ለመንኩ። ለዳኛው ታሳዪዋለሽ አሉኝ፣ ዳኛው ደግሞ ሰኞ ነው። ቢያንስ ፋብሪካው ደውሉ አልኩ። የደወሉትስ ለጠመንጃው ባለንብረት ነው።

ወንድሜ ፀጉሩን አበጥሮ መጣ። ፈቃዱን አሳየ፣ ተመሳከረ፣ ፈረመ። በአጠገቤ ሲያልፍ «እህቴ፣ አይዞሽ» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የሚባል የለም። ያን ጊዜ ጮህኩ። አትልቀቁት፣ ሰው ሊፈጅ ነው፣ አሥራ አራት ሰው ነው እያልኩ ፍርግርጉን ነቀነቅሁት። ሳጅኑ ጣቢያውን እንዳልረብሽ ገሠጸኝ። ከዚያ ዞር ሲል፣ ወንድሜ በአንድ እጁ ጠመንጃውን፣ በሌላው የጥይት ሣጥኑን ይዞ ቆሟል፤ ሁለት እጁ ስለተያዘበት ሳጅኑ በሩን ከፈተለት።