የጎደለው አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር

ሐረገወይን ያቺን ቅጽ ከሬጅስትራር ከተቀበለች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። «ትምህርቴን ለማቋረጥ እጠይቃለሁ» ከሚለው መስመር ሥር ስሟን ጽፋ፣ ፈርማ፣ አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አኑራታለች። የቀረው መስጠት ብቻ ነው። ሰኞ የቅየሳ ልምምዱ ውጤት ይነገራል፤ ከወደቀች ቅጿን አስረክባ በማግስቱ በደባርቅ መኪና አገሯ ድብ ባሕር ትገባለች። እንዲህ ብላ ለራሷ ምላለች። ያስገደዳት የለም። ራሷ ከሳሽ፣ ራሷ ምስክር፣ ራሷ ዳኛ ሆና የጨረሰችው ጉዳይ ነው።

ጥፋቷ ምንድን ነው ቢሉ፣ ሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት መድረሷ። ሌላ የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። ፊዚክስ ላይ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አሥራ አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበርና እመቤቴን ጠርታ ሁሉንም «ሲ» ላይ አጠቆረቻቸው። ውጤቱ ሲመጣ አገር ጉድ አለ። የቢያዝን ልጅ መሐንዲስ ልትሆን ነው ተብሎ ጠላ ተጠመቀ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ «እዚህ ያመጡኝ ሲዎቹ ናቸው» እያለች በሆዷ ትብሰለሰላለች። ኤ ስታገኝ «ሸምድጄ ነው»፣ ቢ ስታገኝ «ይኸው፣ ሊታወቅብኝ ነው»። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ሲያመሰግኑት አያምን፣ ሲነቅፉት አይጠራጠር።

ሄለን ደግሞ ባሰችባት። ሄለን ማራኪ ሰፈር አንድ ክፍል አብራት የተከራየች የክፍሏ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር በግል ትምህርት ቤት የተማረች፣ መምህሩ ጠይቆ ሳይጨርስ እጇ ከላይ የሚታይ። ሐረገወይን እሷን ባየች ቁጥር «ተማሪ ማለት እንዲህ ነው» ትልና እንደገና ቅጿን ትዳስሳለች።

ልምምዱ ለተናገረው ቀላል ነበር። «ከግቢው በር አጠገብ ካለው የሲሚንቶ ምልክት ተነሥታችሁ ድልድዩ ጋ ካለው ምልክት ድረስ የከፍታውን ልዩነት ትለካላችሁ» አለ መምህር ልዑልቃል። «የሁለቱንም ከፍታ ሰጥቻችኋለሁ። የእናንተ ልኬት ከሰጠኋችሁ ቁጥር በስንት እንደሚለይ አሳዩኝ።» የሚፈቀደው ስሕተት ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም።

ጓደኛዋ ሆኖ የደረሳት ወንዴ ነው፤ የጠዳ ልጅ፣ ቀልድና ሆድ የሚወድ። እሱ ሜትር የተጻፈበትን ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ እሷ በመሣሪያው አጮልቃ ቁጥሩን ታነባለች። መሣሪያውን ሃያ ሦስት ቦታ እየተከሉና እየነቀሉ ቁልቁል ወረዱ። ድልድዩ ጋ ሲደምሩት መምህሩ ከሰጣቸው ቁጥር አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ጎደለ።

ሽቅብ እየለኩ ተመለሱ፤ ያው አሥራ አራት።

«እኅት ዓለም፣ ሰው እኮ ምሳ ይበላል» አለ ወንዴ።

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

በእነ ሐረገወይን አገር የድንበር ክርክር ሲነሣ ሽማግሌዎች ገመድ ይጥላሉ፤ ገመዱ ሦስት ጊዜ ካልተጣለ ዳኝነት የለም። አባቷ ቢያዝን ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ገመዱ ያላለውን ያለ ሰው ዘሩ አይባረክም ይላል። እናም ለሦስተኛ ጊዜ ወረዱ። ከሦስት ሚሊ ሜትር በቀር ያው አሥራ አራት።

ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ጊዜ አንድ መልስ ሲያገኝ «ምናልባት ልክ ነኝ» ይል ነበር። እሷ ምን አለች? «ሦስቱንም ጊዜ እኩል ተሳሳትሁ።» የመምህሩ ቁጥር ሊሳሳት ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቧም አላለፈ።

ከሰዓት በኋላ ቡድኖቹ ሁሉ ውጤታቸውን ተነጋገሩ። የነሄለን ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው አሉ። ወንዴ ጠጋ ብሎ፣

«ስሚ፣ ሃያ ሦስት ቦታ ነው የለካነው። እያንዳንዷ ላይ ስድስት ስድስት ሚሊ ብንጨምርባት ውሃ በላው» አለ።

እስክሪብቶውን አላነሣችም አልልም፤ አንሥታለች። ወረቀቱ ላይ ካደረሰችው በኋላ ነው መልሳ ያስቀመጠችው።

«ወንዴ፣ እኔ እዚህ ያለሁት በውሸት ነው። አንድ ውሸት ይበቃኛል።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ፈርማ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው። ወንዴም ራሱን እያከከ «እንግዲያ አብረን እንወድቃለን፤ ደግነቱ ጠዳ ቅርብ ነው» ብሎ ወረቀቱን እንዳለ ፈረመበት።

ሰኞ ጧት መምህር ልዑልቃል የወረቀቱን ክምር ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«አሥራ ሁለት ቡድን» አለ። «አንዱ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ አንዱ ሦስት፤ አንዱማ ጭራሽ ዜሮ። ሐረገወይንና ወንዴ የታሉ?»

ተነሣች። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ቅጿን ጨብጧል።

«አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር?»

«አዎ፣ መምህር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ስንት ጊዜ ለካችሁት?»

«ሦስት።»

«ምነው ሦስት?»

«በእኛ አገር ገመድ የሚጣል ሦስት ጊዜ ነው» ካለች በኋላ ምነው ባልተናገርሁ አለች፤ አሁን የሳቀው ክፍሉ ሁሉ ነበርና።

መምህሩ ግን አልሳቀም። ጠመኔ አንሥቶ የሰጣቸውን የድልድዩን ከፍታ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ በአሥራ አራት ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ሌላ ቁጥር ጻፈ።

«እውነተኛው የታችኛው ነው። አሥራ አራቷን የጨመርኋት እኔ ነኝ፤ ማን መሬቱን እንደሚያምን ልይ ብዬ። የቀራችሁት አሥራ አንድ ቡድኖች እኔን ለማስደሰት መሬቱን አስዋሻችሁት። ቅዳሜ ትደግማላችሁ። እናንተ ሁለታችሁ ቁጭ በሉ፤ ሙሉ ነው ያገኛችሁት።»

የቀረውን አልሰማችም። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች፣ እፎይ ስትል ትንፋሿ ለወንዴ ተሰማው። ሦስት ዓመት ሙሉ ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ ነበር። ልክ ነበርሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበርሁ እያለች በሆዷ ደጋገመችው። ወንዴ በበኩሉ ስለ ምሳ ማሰብ ጀምሯል።

ከክፍል ሲወጡ ሄለን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሐረገወይን ግራ ገብቷት አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔም እኮ አሥራ አራት ነው የመጣብኝ» አለች ሄለን።

«ታዲያ ምነው ቀየርሽው?»

«ሄለን አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ተሳሳተች ከሚባል ሞቼ ልገኝ። በየቀኑ እጄን ቀድሜ የማወጣው ለምን ይመስልሻል? የማውቀውን ቶሎ ከመለስሁ መምህሩ የማላውቀውን አይጠይቀኝም ብዬ ነው። አንድ ቀን ይደርሱብኛል እያልሁ እንቅልፍ የለኝም።» አፍንጫዋን ጠርጋ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። መታጠፊያው ተበልቶ ሊቀደድ ደርሷል። «ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ይዣት እዞራለሁ።»

ሐረገወይን ገና ሳታነበው ዐወቀችው። ምንም ሳትናገር የራሷን አውጥታ ከጎኑ ዘረጋችው። አንድ ዓይነት ቅጽ፣ አንድ ዓይነት መስመር፣ ከሥሩ የሁለት ሞኝ ፊርማ። ሄለን እንባዋ ሳይደርቅ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ሲጋባባቸው ማቆም አቃታቸው።

ቅዳሜ ሄለን ስትደግም ዘንጉን ሐረገወይን ያዘችላት። ማስታወሻ ደብተር ረስተው ስለመጡ ቁጥሩን በሄለን ቅጽ ጀርባ ጻፉት። ቁልቁል ሲወርዱ ሐረገወይን ለማንም ነግራው የማታውቀውን የአሥራ አንዱን «ሲ» ታሪክ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ሄለን መሣሪያውን ትታ ቀና አለች።

«አራት ምርጫ አይደል ያለው? ከአሥራ አንድ ቢመታልሽ ሦስት ነው። የቀረውን የዚያን ሁሉ ፈተና ማን መለሰው?»

ሐረገወይን ዘንጉን እንደያዘች ቆመች። አሥራ አንድን ለአራት ማካፈል ነው፤ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አስልታው አታውቅም።

«እኔ ነኛ» አለች።

«እንግዲያው ዘንጉን ቀጥ አድርጊው፤ አዘንብሏል» አለች ሄለን፣ ዓይኗን ወደ መሣሪያው እየመለሰች። ሐረገወይንም ቀጥ አደረገችው።