ያልተጠረገው መቃብር

ሮዛልባ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ የመኪናዋን መስተዋት ትፍቃለች። ሌሊቱን የጣለው በረዶ መኪኖቹን ከነጎማቸው ውጧቸዋል። በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት ነጫጭ ጉብታዎች የእሷን የለየችው በአንቴናዋ ነው። ወንድሟ ጋስፓሬ ከጀርመን አገር ሆኖ ይጮኻል። ስልክ ሲያወራ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ድምፁ ርቀቱን በራሱ ጉልበት የሚያቋርጥ ይመስለዋል።

“ሐኪሙን አናግሬዋለሁ አልኩሽ እኮ። አብሮ አደጌ ነው፣ እምቢ አይለኝም። አባባን ሊካታ ይዘሽ መሄድ፣ እሱ ፊት ማስተኛት፣ ማስፈረም፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ አንቺ የአካል ጉዳተኛ ጧሪ ነሽ። ማን ይከለክልሻል?”

“አባባ እኮ አካል ጉዳተኛ አይደሉም።”

“ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ሰማንያ ዓመት ራሱ ጉዳት ነው።”

ሮዛልባ መፋቋን ቀጠለች። የያዘችው መፋቂያ የወጥ ቤት መጥበሻ የሚፋቅበት ነበርና መስተዋቱ ላይ ይንሸራተትባታል።

ከሲሲሊ ደቡብ ጠረፍ፣ ከሊካታ ነው የመጣችው። እዚያ ዛሬ አንዱ ትምህርት ቤት፣ ነገ ሌላው ጋ፣ የታመመና የወለደ መምህር እየተካች ዕድሜዋን ፈጀች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ቋሚ ቅጥር ወጣላት። የወጣላት ግን በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ፣ ተራራ ሥር በተወሸቀችው በፒያንፍሬዶ ነበር። በረዶ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አይለቃትም። እምቢ ብትል ተራዋ ሊያልፍ ነው። ባሏ ገና ድሮ ትቷት ሄዷል፣ ልጅ የላትም፣ እናቷም ዐርፋለች። አባቷን ካሎጄሮን ብቻቸውን ጥላ መሄድ አላስቻላትም። ሁለቱም በመስከረም፣ ባሕሩ ገና ለዋና የሚሞቅበት ጊዜ ሳለ፣ ሻንጣቸውን ጭነው ወጡ።

የጋስፓሬ ብልሃት ቀላል ነው። አካል ጉዳተኛ ወላጅ የሚጦር የመንግሥት ሠራተኛ ወላጁ ወደሚኖርበት ከተማ በቅድሚያ ይዛወራል። ስለዚህ አባትየው ወደ ሊካታ ይመለሱ፤ አክስት ቬናንዚያ ከጎረቤት ብቅ እያለች ትያቸው፤ በወረቀት ላይ ከአልጋ የማይነሱና አእምሯቸው የሳተ ሰው ይሁኑ፤ ሮዛልባ በመጪው መስከረም ትከተላቸዋለች። ማመልከቻው የሚዘጋው በዚህ ሳምንት ነው።

“ነግረሻቸዋል?” አለ ጋስፓሬ።

“ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ።”

“ትናንትም ማታ ብለሽኝ ነበር።”

“ትናንት ደክሞኝ ነበር፣ ጋስፓሬ።”

ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል አባቷ እንደ ወትሯቸው ካፖርታቸውን ደርበው ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ቆመዋል። እቤት ውስጥም ካፖርት አይለያቸውም። እጃቸውን አነሡ፤ መስኮቱን ከፍተው አንድ ነገር ሊናገሩ የፈለጉ መሰሉ። ሮዛልባ ሰዓት እንደረፈደባት በእጇ አሳይታቸው መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ልጆቹን ማባዛት እያስተማረች ሳለ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ሎሬዳና በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው።

“መምህርት፣ አባትሽ መቃብር ቦታ ናቸው።”

ጠመኔው ከሮዛልባ እጅ ወደቀ።

“በሕይወት ናቸው፣ በሕይወት ናቸው” አለች ሎሬዳና ፈጥና፣ አነጋገሯ ምን እንዳመጣ ሲገባት። “ቆመው ነው ያሉት። የሰው መቃብር እየቆፈሩ ነው ብለው ደወሉልን።”

ልጆቹ ሳቁ። ሎሬዳና እነሱን ልትጠብቅላት ቀረች፤ ሮዛልባ ካፖርቷን አንጠልጥላ ወጣች።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ናትና፣ በረዶ ያለበት ዳገት ስላልለመደች ሁለት ጊዜ ተንሸራትታ በጉልበቷ ወደቀች። በሩ ላይ የበረዶ መጥረጊያው ከባድ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ባለመኪናው ቱሊዮ ነው። ስልሳ ዓመት የሚሆነው፣ በክረምት የከተማዋን መንገድ የሚጠርግ፣ አደባባዩ ላይ የዕቃና የጫማ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ሮዛልባ ክረምቱን ሙሉ ሰላም ስትለው የሚመልስላት በአገጩ ነበር። አሁን ግን ብርቱካንማ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ አባቷ ፊት ተገትሮ ይናገራል።

ካሎጄሮ ከአንድ መቃብር አጠገብ ተንበርክከዋል። በእጃቸው የያዙት የእሷን የቆሻሻ ማፈሻ ነው። እግራቸው ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥቁር ቆዳ ጫማቸው ነበር። ዙሪያውን ያሉት መቃብሮች ሁሉ መንገድ ወጥቶላቸዋል፤ ለሙታን የሚቀመጠው ቀይ መብራትም በርቶላቸዋል። ይህ አንዱ ብቻ እስከ መስቀሉ አንገት በበረዶ ተቀብሮ የኖረ ነው። አዛውንቱ ግማሹን አራግፈውለት፣ “ኤርሚኒያ” የሚለው ስም ወጥቷል።

“የእናቴን መቃብር ይነኩ ዘንድ ማን ፈቀደልዎ?” ይላል ቱሊዮ።

“ማንን ላስፈቅድ?” አሉ ካሎጄሮ ቀና ሳይሉ። “የሚጠየቅ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ከገና ወዲህ እግር የረገጣት አትመስልም።”

“አያገባዎትም። እናንተ ደቡቦች ደጃፋችሁን መጥረግ አቅቷችሁ፣ የሰው መቃብር ላይ መጣችሁ?”

“ደጃፍማ የሚጠርግ ሰው አለው፤ አንተ ትጠርገዋለህ። ይቺን ነው ማንም ያልጠረጋት።”

የቱሊዮ ፊት ቀላ። ሮዛልባ እያለከለከች መሃላቸው ገባች። በዚያች ቅጽበት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነገሩ እንዲያልቅና አባቷን ይዛ እንድትሄድ።

“ይቅርታ አድርግልኝ ቱሊዮ” አለች። “ሽማግሌ ናቸው፣ አእምሯቸው ልክ አይደለም። የት እንዳሉ ይጠፋቸዋል፣ ይረሳሉ።”

ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም። የጋስፓሬ ቃል ነው፤ ጠዋት በጆሮዋ የገባው በአፏ ወጣ።

ካሎጄሮ ማፈሻውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ ልጃቸውን አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም።

“እኔ የረሳሁት ነገር የለም” አሉ። “ሊካታ ብሆን ኖሮ ዛሬ እናትሽ ዘንድ ነበርኩ። እዚህ እናትሽ የለችም፣ የሌላ ሰው እናት አገኘሁ። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የረሳሽው አንቺ ነሽ።”

የእናቷ ሙት ዓመት ነበር። ጠዋት በመስኮቱ ሊነግሯት የፈለጉት ይህንኑ ኖሯል።

ቱሊዮ የመቃብሩን ስም አየ፤ አዛውንቱን አየ፤ ጓንቱን አወለቀና መልሶ አጠለቀው። ከዚያ ሳይሰናበታቸው ወደ መኪናው ሄደ። ካሎጄሮ ግን የቀረውን ግማሽ ሳይጨርሱ አልነሣም አሉ። ሮዛልባ ትንሽ ቆማ ከቆየች በኋላ ተንበርክካ በእጇ ትረዳቸው ጀመር። እስከ መስቀሉ ሥር ጠርገው ጨረሱት።

እቤት ሲደርሱ የአባቷ የእግር ጣቶች ቀለማቸው ተለውጦ ነበር። ሮዛልባ ለትምህርት ቤቱ ደውላ እንደማትመለስ ተናገረች። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥታ እግራቸውን ነከረችላቸው፤ እሷም እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ምን ብላ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ታስባለች፣ ግን ሐሳቧ ይቆራረጥባታል። በዚህ ክረምት ያልደከመችበት ቀን ትዝ አይላትም። ጨለማ ሳይለቅ ትነሣለች፣ ጨለማ ሲመጣ ትገባለች። ልጆቹ አነጋገሯን እየቀዱ ይስቁባታል። ገበያ ስትሄድ ሰው ዝም ይላታል። እናቷን የረሳችው ስለማትወዳት አልነበረም፤ ቀኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ስለሆኑባት ነው።

“አባባ፣ እዚያ ያልኩት ነገር...”

“ጋስፓሬ ሲያወራ ስልኩን አልፎ ግድግዳውን ይበሳል” አሉ ካሎጄሮ። “ሳምንቱን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት።”

ሮዛልባ አንገቷን ደፋች።

“ችግር የለውም” ቀጠሉ። “ሐኪሙ ሲመጣ እተኛለሁ። ስሜን ሲጠይቀኝም እረሳዋለሁ። ዓሣ አጥማጅ ሆኜ ስንት ዓመት ለጠረፍ ጠባቂ ዋሽቻለሁ፤ ለአንድ ሐኪም አላንስም። አንቺ ወደ ቤትሽ ተመለሽ። ስትደክሚ አያለሁ እኮ። ማታ ማታ ማንኪያ እንደያዝሽ ታንቀላፊያለሽ።” የእግር ጣቶቻቸውን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሱ። “አንድ ነገር ብቻ። ሰው ፊት እንዲያ አትበይኝ።”

ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። ይህን መቀበል አቃታት። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እግራቸውን ይዛ ቆየች።

“እርስዎስ?” አለች በመጨረሻ። “መመለስ ይፈልጋሉ?”

ካሎጄሮ የሳፋውን ውሃ እያዩ ጀመሩ። ጀልባዋ ተሸጣለች፤ አብረዋቸው መረብ የጎተቱት ወዳጆቻቸው አንዱ ልጆቹ ጋ ሄዷል፣ ሌላው ሞቷል። የሚስታቸውን የኢንያዚያን መቃብር ቬናንዚያ ትጎበኝላቸዋለች፤ ከእሳቸው ይልቅ ቬናንዚያ አበባ ታውቃለች። ይህን ሁሉ ከልጃቸው ይልቅ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ዘረዘሩት።

“ብርዱ ክፉ ነው” አሉ። “አልዋሽሽም፣ የሰው አገር አይደለም። ግን እስከ መስከረም እዚያ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሾርባ መብላትም የሰው ኑሮ አይደለም። እኔ አንቺ ያለሽበት ነኝ። የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ።”

ከዚያ ተኙ። ሮዛልባ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበችላቸው፣ ቀለማቸው የተመለሰውን ጣቶቻቸውን ደግማ አየች፣ ተጠርገው የማይደርቁትን ጥቁር ጫማዎች ምድጃው አጠገብ ልታኖር አንሥታ ተወቻቸው። ሶላቸው ለቅቋል።

አመሻሽ ላይ ወጣች። በረዶው ቆሞ ሰማዩ ጠርቷል፤ ብርዱ ግን ብሷል። አደባባዩ ጥግ ላይ ቆማ ለጋስፓሬ ደወለች። ሐኪሙን እንዳያስቸግረው ነገረችው። ጋስፓሬ አበደ፤ ዕድል እጇ ላይ ወድቆ እንደምትረግጠው፣ አባታቸውን በረዶ አገር እንደምትገድላቸው፣ እሱ ስለ እሷ ብሎ ሰው እንደለመነ ቆጠረባት። እስኪጨርስ አዳመጠችው።

“ደከመኝ፣ ጋስፓሬ” አለችው። “ውሸት ጉልበት ይፈልጋል። የለኝም።”

“ታዲያ እዚያ እስከ መቼ ልትኖሪ ነው?”

“አላውቅም። ዛሬ ግን የእናታችን ሙት ዓመት ነው። አንተም ረስተኸዋል።”

ጋስፓሬ ሳይጮኽ ሲናገር የሰማችው ያን ጊዜ ነው። “አዎ” አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

የቱሊዮ ሱቅ ሊዘጋ ነበር። ገመዱ፣ አካፋው፣ የመጋዝ ዘይቱ፣ ጫማው፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ተጨናንቋል። ቱሊዮ ስትገባ ሲያያት ከባንኮኒው ጀርባ ተነሥቶ ቆመ። ጠብ ፍለጋ የመጣች መስሎታል።

“ለአባቴ የበረዶ ጫማ እፈልጋለሁ” አለችው። “ቁጥር አርባ አንድ።” ከዚያ ደግሞ ቸኩላ፣ “አእምሯቸው ጤነኛ ነው። ያን ያልኩት እኔ ነኝ የዋሸሁት” አለች።

“ገብቶኛል” አለ ቱሊዮ። “ያበደ ሰው እንደዚያ አድርጎ አይመልስም።”

መሰላሉን ወጥቶ ካርቶኖቹን ማገላበጥ ጀመረ። ጀርባውን እንደሰጣት ነው የተናገረው።

“ሦስት ክረምት ሆነ ከሞተች። የከተማውን መንገድ ሁሉ እጠርጋለሁ፣ የቄሱን ደጅ፣ የትምህርት ቤቱን ደጅ። መቃብሩ በር ስደርስ ግን መኪናዬ ይዞራል። ስትታመም ነገ እመጣለሁ እያልኩ ነበር።” ካርቶን አወረደ። “ከሰዓት መብራት ወስጄላታለሁ። ለአባትሽ ንገሪልኝ።”

“ራስህ ንገራቸው። እሑድ እቤት ናቸው። ሁልጊዜም እቤት ናቸው።”

ቱሊዮ በአገጩ መለሰላት። ግን እሺ ማለቱ ነበር፤ አሁን ለየችው።

ሁለት ጥንድ ጫማ ባንኮኒው ላይ አሰለፈላት። አንደኛው ቀለል ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ሌላው ቡናማ፣ ወፍራም፣ ውስጡ ሱፍ፣ ሶሉ ላይ የብረት ጥርስ ያለው ነው።

“ይቺ ለእንግዳ ናት” አለ። “በረዶ አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው ለሚሄዱት። ይቺን ክረምት ትጨርሳለች። ያቺኛዋ ደግሞ...” ሊል ያሰበውን ትቶ ሌላ ቃል ፈለገ። “ያቺኛዋ እዚህ ለሚኖር ሰው ናት።”

ሮዛልባ ወፍራሙን አነሣችው። ይከብዳል። አባቷ ሲያዩት የሚሉትን ታውቃለች፤ ይህ ጫማ ሳይሆን መልሕቅ ነው ይላሉ። ክረምቱን ሙሉ በቀጭን ቦት ጫማዋ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቃ የሄደችበት እግሯ አሁንም እርጥብ ነበር።

“ይቺን እወስዳለሁ” አለች። ቱሊዮ ካርቶኑን ሊከድን ሲል እጇን ላዩ ላይ አኖረች። “ቁጥር ሠላሳ ስምንትም ካለህ አውርድልኝ።”