በባልዲ ያገሳው ወፍ

በፖላንዷ የቦብሮቮ መንደር ውሸት የማያምርበት ሰው የለም፤ አሎይዚን የሚያህል ግን አልተወለደም። አንድ ጊዜ ዓሣ አጥምጄ ስጎትት ወንዙ አብሮ ተጎትቶ መጣብኝ ብሎ በእናቱ ስም የማለ ሰው ነው። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠውም፣ እሱ እንደሚለው፣ አስተማሪው የሚጠይቁት ስላለቀባቸው ነው። ያን ግንቦት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የእህቱ የሌኦካዲያ ጉድጓድ ደርቋል።

ያደረቀው «አረንጓዴ ተስፋ» የሚባል ድርጅት ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ! መጥቶ ረግረጉን መሃል ለመሃል በቦይ ሰነጠቀው። ውሃው ፈሶ ሲያልቅለት ከሥር ያለውን ጥቁር አፈር እየዛቀ፣ በከረጢት እያሸገ፣ ለከተማ ሰው የአበባ ማሰሮ ይቸበችባል። ረግረጉ ሲደርቅ የመንደሩም ጉድጓዶች ተከተሉት። ሌኦካዲያ ላሞቿን ሸጣ ሸጣ አንዲት ክራሱላ ብቻ ቀረቻት፤ እሷንም የምታጠጣው ከጎረቤት መንደር በጋሪ በሚመጣ ውሃ ነው። ለወረዳው አመለከተች፣ ለአውራጃው አመለከተች። «ይታያል» አሏት። እስከ ዛሬ እየታየ ነው።

ከዚያ የአውሮፓ ኅብረት አዲስ ሕግ አወጣ ተባለ፤ የደረቀ ረግረግ ወደ ነበረበት ይመለስ የሚል። ሌኦካዲያ በሬዲዮ ሰምታ አለቀሰች። ለሚመልሰው ሰው ድጎማ ተመድቧል ሲባል ግን ቀድሞ ተሰልፎ የተገኘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያደረቀው! ቦዩን ለመድፈን ደግሞ ልቡ አልፈቀደም፤ ከጫካው ወዲያ ገና ያልተዛቀ አፈር አለዋ። ስለዚህ ቦዩ አፍ ላይ ሳንቃ ደረደረ፣ ሳንቃውን ሣር አለበሰ፣ በቦቴ ውሃ እያመላለሰ ሜዳውን ሞላው። ከብራስልስ የምትመጣው ተቆጣጣሪ አይታ ከፈረመች ቦዩም ተከፍቶ፣ የሌኦካዲያም ጉድጓድ ደርቆ መቅረቱ ነው።

ውሃ ብቻውን ደግሞ ረግረግ አይሆንም፤ ድምፅ ይፈልጋል። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ፓን ኮርዳ፣ አቶ ኮርዳ እንደማለት ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ቀጥሮ ሸንበቆ ውስጥ እንቁራሪት አደረጋቸው። የቀረው ቦንክ ነው። ቦንክ ማለት ሸንበቆ ውስጥ ተሸሽጎ እንደ በሬ የሚያገሳ ወፍ ነው፤ ረግረጉ ከደረቀ ወዲህ ጠፍቷል። እንደ ቦንክ የሚያገሳ ሰው ከተባለ ደግሞ ያው አሎይዚ ነው።

«ሴትዮዋ በጀልባ ስታልፍ ትንሽ ታገሳለህ፣ ከዚያ ጭጭ። ገባህ?» አለው ኮርዳ።

«ፓን ኮርዳ፣ ወንዱ ነኝ ወይስ ሴቷ?»

«እኔ ምን አገባኝ!»

«ደመወዙ ይለያይ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሌኦካዲያ ስትሰማ ነደደች። «ጉድጓዴን ላደረቀው ሰው ወፍ ልትሆንለት? አታፍርም? እናታችን ብትኖር በመጥረጊያ ነበር የምትልህ!»

«ሌኦካዲያ፣ እህት ዓለም፣ ባልዲሽን አውሺኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ላገሳበት። መቼም ሥራ ፈቷል።»

ባልዲውን ወረወረችበት፤ ለጥቂት ሳተችው። አሎይዚ ግን ሳንቃዎቹን ሄዶ አይቷቸዋል። በሥራቸው ውሃው ሹልክ ሹልክ እያለ ነው። ሴትዮዋ ካልቸኮለች ረግረጉ ራሱ ይመሰክራል።

ተቆጣጣሪዋ ፓኒ አይኖ፣ ማለትም ወይዘሮ አይኖ፣ የምትባል ፊንላንዳዊት ናት። ፖላንድኛዋ ስብርብር ያለ ቢሆንም ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም። ጀልባው ሸንበቆው ጋ ሲደርስ አሎይዚ ጭንቅላቱን ባልዲው ውስጥ ከትቶ አገሳ።

«ኡ-ኡምብ!»

ሴትዮዋ ብድግ ስትል ጀልባው ሊገለበጥ ነበር። «ቦንክ! ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው!»

«ሞልቶናል እመቤቴ፣» አለ ኮርዳ፣ «አሁን እንሂድ፣ የምሳው ፒዬሮጊ ይቀዘቅዛል።»

«ሳላየው አልሄድም።»

አሎይዚ ጎንበስ ብሎ ወዲያ ማዶ ሄዶ አገሳ። ጀልባው ተከተለው። ወዲህ ተመልሶ አገሳ። ጀልባው ዞረ።

«ይበቃል! ዝም በል!» አለ ኮርዳ ወደ ሸንበቆው፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ማንን ነው?» አለች ፓኒ አይኖ።

«ወ... ወፉን። ዓይን አፋር ነው።»

እንቁራሪቶቹም ደከማቸው። አንደኛዋ አስነጠሰች፤ ሌላኛው እንቁራሪት «ይማርሽ» አላት። አሎይዚን ወገቡ ድረስ ይዞት የነበረው ውሃ ጉልበቱ ጋ ወረደ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ጋ። ጀልባው ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ዙሪያውን መዘምራኑ ተገልጠው፣ ጭቃ ውስጥ ተቀምጠው ታዩ። ከመካከላቸው ባልዲ የደፋ ወፍ ቆሟል።

ኮርዳ ራሱን መቆጣጠር አቃተው። «አንተ ሌባ! ለወፍነት የከፈልኩህን ገንዘብ መልስ!»



«ለምንነት?» አለች ፓኒ አይኖ።

የመለሰችው ሌኦካዲያ ነበረች፣ ጉዱን ልታይ መጥታ ከዳር ቆማ። «ለወፍነት! እኛ ሰው ሆነን ጉድጓዳችን ደረቀ ብለን ስንጮህ ዓመታት አለፉ፣ ዘወር ብሎ ያየን የለም። ወንድሜ ወፍ ሲሆን ጀልባ ቆመለት! ሕጋችሁ ጆሮ አለው ለካ፤ ለእኛ ነው እንጂ የደነቆረው!»

አሎይዚ ባልዲውን ከራሱ ላይ አወለቀ።

ፓኒ አይኖ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ወረደች፣ ባልዲውን ከአሎይዚ እጅ ተቀብላ እስከ ሌኦካዲያ ጓሮ ሄደች። ባልዲውን በገመድ ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው። ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ድንጋይ መታ። ስትጎትተው የወጣው አቧራ ነው።

«ቦዩ ሳይደፈን ፊርማ የለም፣» አለች። «በጽሑፍ አሳውቃለሁ፣ ጉዳዩም...»

«ይታያል፣» አለች ሌኦካዲያ ቀድማት። አካፋዋን ከግድግዳው አንስታ ወደ ቦዩ አመራች። መዘምራኑ ከነጭቃቸው ተከተሏት።

ኮርዳ ከኋላ እየሮጠ «ይህ ሕገ ወጥ ነው! በየትኛው ሕግ ነው የምትደፍኑት?» ይላል።

«ሕጉማ ከመጣ ቆየ፣» አለ አሎይዚ፣ ባልዲውን መልሶ ተቀብሎ የመጀመሪያውን አፈር ቦዩ ውስጥ እየደፋ፤ «የጠፋው አካፋ የሚያነሳ ነበር።»