የተናኘወርቅ ስፌት ፊደል

ኑሰይባ የተቀዳደደውን ስቲከር ጨምድዳ ጥግ ላይ ወረወረችው። ከጠዋት ጀምሮ የስቲከር መቁረጫ ማሽኗ የሚቆርጥላት ፊደል ሳይሆን ብጥስጣሽ ነበር።

ሥራው ሲመጣ ቀላል መስሏት ነበር። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ለልማት ሲፈርስ የልብስ ስፌት ሱቃቸውን ወደ ላንቻ፣ ከእሷ የማስታወቂያ ሱቅ አጠገብ ያዛወሩት ወይዘሮ ተናኘወርቅ መስታወታቸው ላይ «ተናኘወርቅ ስፌት» ተብሎ እንዲለጠፍላቸው ፈለጉ። የማንም ፊደል ግን አይሆንም። ሟች ባለቤታቸው ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የጻፉት፣ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ የጠፋው ጽሑፍ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። የቀራቸው ደግሞ ከመንገድ ማዶ በጎን የተነሳ የቆርቆሮው አንድ ፎቶ ነው።

ኮምፒውተሩ ፎቶውን ወደ መስመር ሲቀይረው ፊደሉን ከዝገቱ መለየት አቃተው። የቀለሙ ስንጥቅ፣ የመብራት ገመዱ ጥላ፣ ሁሉም መስመር ሆነ። ማሽኑ እንደሆነ አይመርጥም፤ መስመር ካየ ይቆርጣል። ምላጩ በየጥቃቅኑ ሲዞር ስቲከሩን ይዞት ይነሳል።

«እትዬ ተናኘ፣ በቃ በኮምፒውተሩ ፊደል ልሥራልዎት። ያምራል።»

«እሱማ በየደጁ አለ» አሉ።

ምን ታድርግ፣ ፎቶው ላይ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየተከተለች እንደ አዲስ ሣለቻቸው። ልትጨርስ ስትል መብራት ጠፋ። ሴቭ አላደረገችውም ነበር። መብራቱ ሲመለስ ጥርሷን ነክሳ ከ«ተ» ጀመረች።

ስትጨርስ አሳየቻቸው።

«‹ወ› እንዲህ አልነበረችም። ዘመም ትል ነበር።»

«አቃንቻት ነው። ባለቤትዎ የተሳሳቱ መስሎኝ።»

«ሲጽፍ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሳቄ መጥቶ ነቀነቅኩበት።»

ይህን ጠዋት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት አለች በሆዷ። «ወ»ን አዘመመቻት። ማሽኑ በዚህኛው አንድም ሳይቀድ ቆረጠ።

መስታወቱ ላይ ለጥፋ ስትጨርስ ወይዘሮ ተናኘወርቅ መንገዱን ተሻግረው ቆመው አዩት። ቆይተው ተመለሱ።

«ከማዶ ሲያዩት እሱ ነው። ከቅርብ ግን የብሩሹ ጭረት የለውም።»

«ጭረት በማሽን አይወጣም፣ እትዬ» አለች፤ ድምጿ ካሰበችው በላይ ጠንክሮ ወጣ።

«አንቺን መውቀሴ አይደለም» አሉና መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ መወልወል ያዙ።

ኑሰይባ ትርፍራፊውን ሰብስባ ወደ ሱቋ ገባች። ንዴቷ ግን ማምሻውንም አልለቀቃት፤ በማን ላይ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።