ሳልሞን የሚያልፍበት ሳምንት

ከአላስካ የገባውን አውሮፕላን ሳጸዳ ነው ወንዙን ያገኘሁት። አንዱ መንገደኛ የወንበር ኪስ ውስጥ ትቶት የሄደ መጽሔት ላይ። ሰዉ እንደ ጥምቀት ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ በእግሮቻቸው መሀል ቀይ ዓሣ ያልፋል። ማንበብ ላይ እምብዛም ነኝ፤ ሥዕሉ ግን በቃኝ። ከዚያ ወዲህ መተላለፊያውን በቫኪዩም ስጠርግ ምንጣፉ ይፈስብኛል። እስከ ጉልበቴ ይቀዘቅዘኛል።

"ሳልሞን ነው" አሉኝ ጋሽ ወልዴ። አብረን ነው የምንሠራው፤ ድሮ አላስካ ዓሣ ፋብሪካ ሁለት ክረምት ሠርተዋል። "ያ ወንዝ ግን ላንቺ አይሆንም። ሁሉም መንጠቆውን እኩል ይወረውራል፣ እኩል ይስባል። አንዱ ከቀደመ የጎረቤቱ ጆሮ ላይ ነው የሚሰካው። አንቺ ደግሞ የሺሐረግ፣ ከሰው እኩል ሄደሽ አታውቂም።"

"እለምዳለኋ!"

"ዋናስ ትችያለሽ?"

"ልቆም ነው እንጂ ልዋኝ ነው እንዴ የምሄደው? አንቱ ደግሞ!"

ልጄን ናኦሚን ይዤ ልሄድ ቆረጥኩ። ትምህርት ሲከፈት ኮሌጅ ገብታ ከቤት ልትወጣ ነው። ከዚያ በኋላ የት አገኛታለሁ?

"ማሚ፣ ዓሣው ጁላይ ሃያ ይመጣል፣ አንድ ዊክ ብቻ" ብላ ከኮምፒውተር አነበበችልኝ።

እኔም ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ካላንደር ላይ ሐምሌ ሃያን ከበብኩ። የዕረፍቱን ፎርም ጋሽ ወልዴ ሞሉልኝ። "በኛ ሃያ?" አሉኝ። "በኛ!" አልኳቸው። ወደ ፈረንጁ ቆጥረው ጻፉት። በዓመት ያለችኝ ያቺ አንድ ሳምንት ናት።

የተፈረመው ወረቀት ሲመጣ ናኦሚ አየችው።

"ማሚ! ጁላይ ሃያ ሰባት ይላል እኮ። ዓሣው ይሄዳል!"

ስታስረዳኝ ጆሮዬ ጋለ። ሰባት ቀን ዘግይቻለሁ። ቢሮ ሄጄ ለመንኩ፤ ያ ሳምንት ተይዟል አሉኝ። ለምኜ አላውቅም ነበር።

ማታ ኤርፖርቱ አጠገብ ዩለስ የሚባል ከተማ ያለው ቤታችን ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ሙቀቱ ገና አልወረደም። አውሮፕላኖቹ ሆዳቸውን እያበሩ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ይወርዳሉ።

"ኢትስ ኦኬ ማሚ። ካንስል እናድርገው። ሌላ ጊዜ እንሄዳለን።"

"ሌላ ጊዜ የለም። የሚዘገይ ዓሣ የለም?"

ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ከፈተች። "በማሽን ይቆጥሯቸዋል። ኤቭሪ ዴይ።"

"ባለፈው ዓመት በሃያ ሰባተኛው ቀን ስንት አለፈ?"

ብዙ ፈለገች። "አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ ሺ?"

"ኖ፣ ማሚ። አሥራ አንድ!" ሳቋ ደረጃውን ሞላው።

"ሰውስ?"

"ሰው ምን ያደርጋል? ዓሣ የለም እኮ!"

"አሥራ አንድ አለ። እኛ ስንት ነን? ሁለት።"

"ክሬዚ ነሽ፣ ማሚ።" ላፕቶፑን ግን አልዘጋችውም፤ የውሃ ቡትስ ዋጋ ማየት ጀመረች።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንዙ ባዶ ነው፣ ጉም ላዩ ላይ ተኝቷል። አሥራ አንዱ ሳይቸኩሉ፣ እንደ ሽማግሌ፣ አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ።

"እኔ የት ነው የምቆመው?" አለችኝ።

"ከታች በኩል። ዓሣው ሽቅብ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ አንቺ ጋ ይድረስ።"